«ሃያ ዓመት ሞተር ስጠግን ኖሬ ዛሬ በር እጠብቃለሁ»

የአንባቢ ደብዳቤ

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ዕድሜዬ 41 ነው። በ1995 ዓ.ም. በ19 ዓመቴ ሠራዊቱን ተቀላቅዬ ብር ሸለቆ ከሠለጠንኩ በኋላ በተሽከርካሪ ጥገና ክፍል ተመድቤ ሃያ ዓመት አገልግያለሁ። አውርጄ የገጠምኩት የኡራል የጭነት መኪና ሞተር ቁጥሩ ጠፍቶኛል። በ1998 ዓ.ም. ላይቤሪያ፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ አብዬ ለሰላም ማስከበር ሄጃለሁ፤ ከዚያ ባጠራቀምኩት አበል ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ሠራሁ። በሰሜኑ ጦርነት ጉልበቴን ቆስዬና ግራ ጆሮዬ ደክሞ በ2015 ዓ.ም. በሕክምና ቦርድ ውሳኔ ስሰናበት ማዕረጌ ሻምበል ባሻ ነበር።

አሁን የጡረታ አበሌ ስለማይበቃን በአንድ ኤጀንሲ በኩል የመጋዘን ጥበቃ ሆኜ እሠራለሁ። በሳምንት ስድስት ሌሊት፣ በየሌሊቱ 12 ሰዓት ነው። ሰፈር ውስጥ «ሻምበል ባሻ» የምባለው ሰውዬ እዚያ ስደርስ ልጄ ሊሆን የሚችል የፈረቃ ኃላፊ «አንተ ዘበኛ» ይለኛል። ባለቤቴ ትንሽ ሱቅ አላት። እኔ በሌለሁባቸው ዓመታት ቤቱንም፣ ልጆቹንም፣ ዕቁቡንም ይዛ የኖረችው እሷ ናት። በዕድሩ መዝገብ ላይ እንኳ የተጻፈው የእሷ ስም ነው፤ እኔ «ባለቤቷ» ተብዬ ነው የምጠራው።

ሁለት መንገድ ከፊቴ አለ። የባለቤቴ ወንድም የ29 ዓመት ልጅ ሲሆን በደሴ መንገድ ጋራዥ ከፍቷል። ኤፍ ኤስ አርና ሲኖትራክ ይጠግናል። «ናና አብረን እንሥራ» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ እምቢ አልኩት፤ ደብተርና እርሳስ የገዛሁለት ልጅ አለቃዬ ሲሆን ማየት ከበደኝ። ደግሞም የዛሬ መኪና በኮምፒዩተር ነው የሚመረመረው። ሁለተኛው፣ አብሮኝ ያገለገለ ጓደኛዬ የቀድሞ ወታደሮችን ለጥበቃ ሥራ ወደ ዐረብ አገር የሚወስድ ደላላ አግኝቷል። በወር የሚከፈለው እዚህ በዓመት ከማገኘው ይበልጣል ይላል። ግን ቅድሚያ 150 ሺህ ብር ያስፈልጋል፤ ይህ ማለት የባለቤቴ ዕቁብና ከሱቁ ዕቃ ግማሹ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ እንድሰጥ ተነግሮኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከጥያቄዬ ጋር አይገናኝም። ባለፈው ወር የአሥር ዓመት ልጄ የግቢውን የላሜራ በር ወርውራ ስትዘጋው እኔ ሳላውቀው «ተኛ!» ብዬ ጮኼ ይዣት መሬት ላይ ወደቅሁ። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደማ። ከዚያ ወዲህ እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። ሌሊትም ቢሆን እረፍት በሚሆንልኝ ቀን አረቄ ካልቀመስኩ እንቅልፍ አይመጣልኝም። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ ለሌላ ሰው አልተናገርኩም።

የትኛውን መንገድ ልያዝ?

ሻምበል ባሻ መ.፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

ወንድሜ ሻምበል ባሻ፣

ቀን የተቆረጠለት ጥያቄ ስላለብዎ ከእሱ ልጀምርና በአጭሩ ልለፈው፤ ሰፊ ቦታ ልሰጠው የምፈልገው ሌላ ነገር ደብዳቤዎ ውስጥ አለና።

ለደላላው ብሩን አይስጡ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕግ መሠረት ሠራተኛ የሚላከው ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ ስምምነት ወደ ተፈራረመቻቸው አገሮች፣ ያውም በመንግሥት ወይም ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል ሲሆን፣ የቪዛውን፣ የአውሮፕላን ቲኬቱንና የሥራ ፈቃዱን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው ለፓስፖርት፣ ለሰነድ ማረጋገጫ፣ ለጤና ምርመራና ለመሳሰሉት ነው። እንግዲህ 150 ሺህ ብር አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ከዚህ ውጭ የሆነ ነገር እየሸጠ ነው ማለት ነው። በእርስዎ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ፍርሃት አለኝ። ደላላው ለይቶ የሚፈልገው ውጊያ የሚያውቁ ሰዎችን ነው። በ2012 ዓ.ም. ለጥበቃ ሥራ ተብለው ወደ ኤምሬትስ የሄዱ ሱዳናውያን ወጣቶች ሳያውቁት የጦርነት ቀጠና ወደ ነበረችው ሊቢያ መወሰዳቸውን ተመልሰው ተናግረዋል። የእርስዎ ደላላ እንዲህ ያደርጋል ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት አገልግሎ፣ ቆስሎና በክብር ተሰናብቶ የወጣ ሰው፣ ውሉን ሳያነብና አሠሪውን ሳያውቅ መሣሪያ ወደሚያስይዝ ሥራ ተመልሶ እንዲገባ አልመክርም። ጓደኛዎንም ቢያቆዩት ደስ ይለኛል።

አሁን «ከጥያቄዬ ጋር አይገናኝም» ወዳሉት ልመለስ። እኔ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ጋር የሚገናኝ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ልጅዎን መሬት ላይ የጣሏት ሊጎዷት አስበው አልነበረም። በሩ ሲጮህ ሰውነትዎ ከሐሳብዎ ቀድሞ አንድ የሚያውቀውን ነገር አደረገ፤ አጠገቡ ያለውን ሰው ከተኩስ ሊያድን ይዞ ተኛ። በግንባር ሳሉ ይኸው ፍጥነት ሕይወት አድኖ ይሆናል። ችግሩ ሰውነትዎ ከጦሩ መሰናበቱን ገና አለመስማቱ ነው። እንዲህ ያለው ድንጋጤ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ ለብቻ መሆንን መፈለግና ሳይጠሩት የሚመጣ ትዝታ አደጋ ባለበት ቦታ ብዙ ጊዜ ያሳለፉ ሰዎች ላይ የሚታይ፣ ሐኪሞች ስም ያወጡለትና የሚያክሙት ሕመም ነው። እርስዎ ይህ ሕመም አለብዎ ብሎ ለመናገር እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የጻፉልኝ ምልክት ግን ለሐኪም መነገር ያለበት ነው።

የእናቴ ወንድም በ1983 ዓ.ም. ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋው ሠራዊት ሲበተን ከሰሜን በእግሩ ወደ ቤት ከተመለሱት አንዱ ነበር። ወንበሩን ግድግዳ አስደግፎ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ካልሆነ አይቀመጥም፤ ሌሊት ሌሊት ግቢውን ሲዞር የጫማው ድምፅ ይሰማን ነበር። እኛ የቤቱ ልጆች ቁጡ ሰው ይመስለን ነበርና እንሸሸው ነበር። ቤተሰቡ አበላው፣ አለበሰው፤ ነገር ግን አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ «ሌሊት ምን ይታይሃል?» ብሎ አልጠየቀውም። እኔም ልጅ ሆኜ አላወቅሁም፣ ካደግሁ በኋላ ደግሞ አልጠየቅሁትም፤ ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል። ለዚህ ነው ስለ እርስዎ ልጅ አብዝቼ የማስበው። የአሥር ዓመት ልጅ የማታውቀውን ነገር በራሷ ግምት ትሞላዋለች፤ አባቴ ይጠላኛል ብላ እንዳትሞላው እፈራለሁ።

ስለዚህ ይንገሯት። ረጅም ታሪክ አያስፈልጋትም፤ የጦርነቱንም ዝርዝር መስማት የለባትም። «በሩ ሲጮህ ድሮ የነበርኩበት ቦታ ያለሁ መሰለኝ፤ አንቺን ላድን ነበር ይዤሽ የወደቅሁት፤ ከንፈርሽ ስለ ደማ በጣም አዝኛለሁ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ እንዲሻለኝ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ» ቢሏት ይበቃል። ባለቤትዎ አብራ ብትሆን ይሻላል፤ ለልጅቷም ይቀልላታል፣ ባለቤትዎም ያንኑ ቃል ትሰማለች። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ወዲያው ካልቀረበችዎ አይጥሯት፣ አይዘዟትም። በራሷ ጊዜ ትመጣለች።

ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ የሚለው ቃል ደግሞ እውነት መሆን አለበት። በከተማችሁ ባለው ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት እፈልጋለሁ ብለው ይጠይቁ፤ እዚያ ያሰቡትን ካላገኙ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ማለዳ ተነሥተው የሚደርሱበት መንገድ ነው። በምክክር የሚሰጥ ሕክምና አለ፣ መድኃኒትም አለ፤ የትኛው እንደሚስማማዎ የሚለየው ባለሙያው ነው። ሲሄዱ ለእኔ የጻፉትን ይዘው ይሂዱ፤ የበሩን ነገር፣ የአረቄውን፣ የጆሮዎን ጉዳትም ሳይደብቁ ይንገሩ። አረቄው ቶሎ ያስተኛል እንጂ እንቅልፉን ይሰባብረዋል፤ ከሌሊቱ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት የሚነቁ ከሆነ አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። ለንስሐ አባትዎ መንገርዎ ትልቅ ነገር ነው። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነም ይጠመቁ፤ ሐኪሙ የሚያዝልዎን መድኃኒት ግን ለጸበሉ ብለው አያቋርጡ፤ ይህን ራሳቸው የንስሐ አባትዎ እንዲነግሩዎ ቢጠይቋቸው ልብዎ ያርፋል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅዎ ባልፍ ሕሊናዬ አያርፍም። በጥበቃው ሥራ መሣሪያ ይዘው ነው የሚያድሩት? ብቻዎን ሲሆኑ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ መጥቶብዎ ያውቃል? መጥቶ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለባለቤትዎ ይንገሩ፣ መሣሪያውን ያስረክቡ፣ ሆስፒታል ይሂዱ። ይህን ማድረግ ሽንፈት እንዳይመስልዎ እለምንዎታለሁ።

ከዚህ በኋላ የሥራውን ጉዳይ ስናየው መልኩ ይለወጣል። የሌሊት ጥበቃ እንጀራ ነውና አላቃልለውም፤ በርካታ የተሰናበቱ ወታደሮች ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ሥራ ነው። ለእርስዎ ግን አሁን የማይስማማበት ምክንያት አለ። ሰውነትዎ ከንቃቱ እንዲያርፍ በሚያስፈልገው ጊዜ፣ ለኮሽታ ሁሉ ዞር እንዲሉ የሚከፈልዎ ሥራ ይህ ነው። ስድስት ሌሊት በየሌሊቱ 12 ሰዓት ማለት በሳምንት 72 ሰዓት ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ሁለቱ ተደምረው 60 ነው፤ እርስዎ ከዚያም አልፈዋል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ እያገኙ ነው? ውልዎ እጅዎ ላይ አለ? ነገ ሥራውን ጥለው ይውጡ አልልም፤ ሌላ እስኪያገኙ ወደ ቀን ፈረቃ እንዲያዛውሩዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ካልሆነም ሰዓቱ እንዲቀንስ ይጠይቁ። ስለ ወጣቱ የፈረቃ ኃላፊም፣ አንድ ቀን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለብቻው ጠርተው «እኔ አንተን በስምህ እጠራሃለሁ፤ አንተም በስሜ ጥራኝ» ቢሉት ሳይሻል አይቀርም። ማዕረግዎን እንዲያውቅ ባይገደድ እንኳ ስምዎን መጥራት ግን ይገባዋል።

አሁን ስለ ጋራዡ። እምቢ ያሉበትን ምክንያት ሁለት አድርገው ጽፈዋል፤ አንደኛው የልጁ ታናሽነት፣ ሁለተኛው ኮምፒዩተሩ። ሁለተኛውን በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ነው ያለፉት። እርስዎን ሳላይ ልሳሳት እችላለሁ፤ ነገር ግን ልቤ የቀረው እዚያ ላይ ነው። የከበደዎ በእርግጥ ታናሽ አማችዎ አለቃ መሆኑ ነው፣ ወይስ እሱ ፊት አላውቅም ማለት? ጦር ውስጥ ካምቢዮ ሲወርድ፣ ቴስታታ ሲቃጠል፣ ፖምፓ ሲበላሽ ሰው ሁሉ ወደ እርስዎ ይመለከት ነበር። አሁን ልጁ አንድ ዕቃ ከመኪናው ጋር አያይዞ ከስክሪን ላይ ሲያነብ እርስዎ ዳር ቆመው ማየትዎ ቢያስፈራዎ አያስደንቅም። ከቁስልም ከጡረታም በኋላ የቀረዎት አንድ የማይነካ ነገር ሙያዎ ነውና፣ እሱንም ዘመን አሳልፎታል ብሎ ማመን ከ«አንተ ዘበኛ» የበለጠ ሊያም ይችላል።

ነገር ግን ነገሩን በእርጋታ እንመልከተው። በመንገዶቻችን ላይ ከሚመላለሱት የጭነት መኪኖች ብዙዎቹ፣ አሮጌዎቹ ሲኖትራኮችና ኤፍ ኤስ አሮች ጭምር፣ የነዳጅ ፖምፓቸው እርስዎ በደንብ በሚያውቁት መንገድ በሜካኒካል የሚሠራ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህም ሰው ያለውን መኪና ደጋግሞ አስጠግኖ ለማቆየት የሚገፋፋ ነገር በዝቷል። አብዬ ላይ ክረምት ሲገባ የዚያን አገር መረሬ አፈር ያየ ሰው መኪና ጭቃ ውስጥ ሲቀር መለዋወጫ ከሌለበት ቦታ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ ይህን የሚያውቅ መካኒክ በደሴ መንገድ ላይ የሚናቅ አይመስለኝም። የኮምፒዩተሩን ምርመራ ደግሞ ልጁ ያውቀዋል፣ እርስዎን ለማስተማር ወራት እንጂ ዓመታት አይፈጅበትም። እርስዎ በጆሮና በእጅ የሚያውቁትን እሱ ለመማር ግን ስንት ዓመት ይፈጅበታል? ሁለት ጊዜ ተመልሶ የጠየቀዎ ይህን ስላወቀ ይሆን? ይህን ከእሱ አፍ ቢሰሙት ይሻላል፤ «ለምንድነው እኔን የፈለግኸኝ?» ብለው ይጠይቁት።

መልሱን ከሰሙ በኋላ በዝምድና ብቻ አይግቡ። የቤተሰብ ሥራ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ያልተነገረ ነገር ሲኖር ነው። ለሦስት ወር ሙከራ ይግቡ፤ በወር ስንት እንደሚከፈልዎ፣ ሥራ የሚሰጥዎና የሚቆጣጠርዎ ማን እንደሆነ፣ ደንበኛ ቢያማርር ማን እንደሚያነጋግር በወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ባለቤትዎ ወንድሟና ባሏ መካከል ዳኛ ሆና እንዳትቀር ይህ ይጠብቃታል። ጉልበትዎ ከመኪና ሥር መተኛት የማይችል ከሆነ ያንንም አስቀድመው ይንገሩት፤ ሞተር ከወረደ በኋላ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው ሥራ የእርስዎ ቢሆን ለሁላችሁም ይበጃል። እኔን ከጠየቁኝ፣ ሁለቱ መንገዶች አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ የእኔ ልብ ወደ ጋራዡ ያደላል፤ ቀን ሠርተው ማታ ከልጆችዎ ጋር ራት የሚበሉበት ሥራ ነውና።

ከዚሁ ጎን ለጎን ሙያዎ ወረቀት እንዲኖረው ያድርጉ። ሙያን በልምድ ያገኘ ሰው በሙያ ብቃት ምዘና፣ ሰው ሲኦሲ በሚለው ፈተና፣ ተመዝኖ የምስክር ወረቀት መውሰድ ይችላል። የከተማችሁ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሄደው በከባድ ተሽከርካሪ ጥገና የትኛውን ደረጃ ቢፈተኑ እንደሚሻል ይጠይቁ፤ ከሠራዊቱ የወሰዱትን የሥልጠናና የአገልግሎት ማስረጃ ኮፒውን ይያዙ። ነገ ከአማችዎ ጋር ባትስማሙ እንኳ ወረቀቱ የራስዎ ነው። ስለ ጡረታዎም የቦርድ ውሳኔውን ይዘው ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ጽሕፈት ቤት ብቅ ይበሉና፣ የጉልበትዎና የጆሮዎ ጉዳት በአበልዎ ስሌት ውስጥ መግባቱን፣ ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ ሲይዙም አበልዎ ላይ ምን እንደሚሆን ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይውሰዱ።

ስለ ዕድሩ መዝገብ የጻፉት ነገር አሳዝኖኛል፤ ያሳዘነኝ ግን በሁለት ወገን ነው። እርስዎ በገዛ ቤትዎ እንግዳ ሆነው መቆምዎ ከባድ ነው። ባለቤትዎም ቢሆኑ ያን ስም ያስጻፉት ለክብር አልነበረም፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ውኃ ቀድተው፣ በየወሩ ከፍለው፣ ከእርስዎ ስልክ እየጠበቁ ያቆዩት ስም ነው። እንዲቀየር አይጠይቁ። ይልቁንም በሚቀጥለው ወር ስብሰባ አብረዋቸው ይሂዱና ከሥራው አንዱን ይጠይቁ፤ የድንኳን ብረት የሚያቀና፣ የሚበየደውን የሚያስበይድ ሰው የማይፈልግ ዕድር አላውቅም። ቤት ውስጥም እንዲሁ፣ የሱቁን ገንዘብ ልያዝ ከማለት ይልቅ «የትኛው ሥራ ነው የሚያደክምሽ?» ብለው ይጠይቋቸውና የሚሉትን አንድ ነገር ይውሰዱ፤ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረስ ሊሆን ይችላል፣ ከጅምላ ሻጭ ዕቃ ማምጣት ሊሆን ይችላል። ይህንም ደብዳቤ ቢያስነብቧቸው እመርጣለሁ፤ 150 ሺህ ብሩ የእሳቸውም ላብ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ሌሊት አለመተኛትዎን ከእኔ በፊት የሚያውቁት እሳቸው ስለሆኑ ነው።

የሆስፒታሉ ቀጠሮ እስኪደርስ ድረስ በዚህ ሳምንት የሚሠራ አንድ ነገር ልስጥዎ። የላሜራው በር የሚጮኸው ማጠፊያው ስለደረቀና ብረት ከብረት ጋር ስለሚጋጭ ይመስለኛል፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። እረፍት በሚሆኑበት ቀን፣ ልጅዎ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ከአሮጌ ካላማዳሪያ ጎማ ቆርጠው በሩ በሚያርፍበት ብረት ላይ ይለጥፉ፣ ማጠፊያውንም ግሪስ ይቀቡት። ግሪሱን እንድትይዝልዎ ይጠይቋት፤ እምቢ ካለች ብቻዎን ይሥሩት። ሲጨርሱ ግን በሩን መጀመሪያ ዘግታ የምትሞክረው እሷ ትሁን።